ይፈነዳል ብሎ መጀመር

ሮኬት ወደ ወሎ ምድር የመጣው ከጦር ጋር ነው። ሚያዝያ 3 ቀን 1860 ዓ.ም. በመቅደላ ግርጌ፣ አሮጌ ላይ በተደረገው ውጊያ የእንግሊዝ ባሕር ኃይል ጓድ በዐፄ ቴዎድሮስ ሠራዊት ላይ ሮኬት ተኩሷል። በዚያው ዕለት ከንጉሠ ነገሥቱ ትላልቅ መድፎች አንዱ ሲተኮስ ራሱ ፈነዳ። መድፍና ሮኬት መልካቸው ቢለያይም በውስጣቸው የሚሆነው አንድ ነው፤ በጠባብ ቀፎ ውስጥ እሳት ይነሣል፣ እሳቱ ጋዝ ይወልዳል፣ ጋዙም መውጫ ይፈልጋል። መውጫው ከበቃው ሥራ ይሠራል፤ ካልበቃው ቀፎውን ይሰብራል። ሲሰብርም ባለቤትና ጠላት አይለይም። ዛሬ በወልድያ፣ በመርሳ ወይም በሀብሩ ወረዳ ቀበሌዎች አንድ ተማሪ በስልኩ ላይ የትንንሽ ሮኬቶችን ቪዲዮ አይቶ "እኔስ ለምን አልሠራም?" ቢል የሚያስነቅፈው ነገር የለም። የማወቅ ጉጉቱ ሊከበርለት ይገባል። ነገር ግን ከጉጉቱ በፊት መቀመጥ ያለበት አንድ ሐሳብ አለ፤ የዚህ ጽሑፍ ክርክርም እሱው ነው። ሞተር የሚሞክር ሰው "ይሠራል" ብሎ ሳይሆን "ይፈነዳል" ብሎ መጀመር አለበት። የደኅንነት ደንቦች ሁሉ ከዚህ አንድ ግምት የሚወለዱ ናቸው፤ ግምቱን የተቀበለ ሰው ደንቦቹን ባይሸመድዳቸውም ራሱ ሊደርስባቸው ይችላል።

የመሬት ላይ ሙከራ ማለት ሞተሩን ከሮኬቱ ነጥሎ፣ ከጸና መደገፊያ ጋር አስሮ፣ ሳይበር ማቀጣጠልና የሚያደርገውን መለካት ነው። ምን ያህል ይገፋል? ለስንት ሰከንድ ይነድዳል? ቀፎው ሙቀቱን ይችላል? እነዚህ ጥያቄዎች ሰማይ ላይ ከመመለሳቸው በፊት መሬት ላይ መመለስ አለባቸው። ታኅሣሥ 10 ቀን 2012 ዓ.ም. የኢትዮጵያን የመጀመሪያ ሳተላይት ከቻይናው ታይዩዋን ጣቢያ ይዞ የወጣው ዓይነት ትልቅ ሮኬትም ሞተሮቹ መሬት ላይ ታስረው ሳይፈተኑ አይነሣም። የሀብሩ ሰው ለዚህ አሠራር እንግዳ አይደለም። በወረዳው የሚገኘው የሲሪንቃ ግብርና ምርምር ማዕከል አዲስ የማሽላ ዝርያ ለገበሬው ከመድረሱ በፊት በትንሽ መደብ ዘርቶ፣ ለክቶና መዝግቦ፣ ደጋግሞ ያየዋል። የሮኬት ሞተር ሙከራም በመንፈሱ ይኸው ነው፤ ትንሽ መጀመር፣ መለካት፣ መጻፍ፣ መድገም። ልዩነቱ በውድቀቱ ላይ ነው። ያልተሳካ ዘር የአንድ ወቅት ድካም ያስቀራል፤ ያልተሳካ ሞተር ግን ዓይንና ጣት፣ አንዳንዴም ነፍስ ይወስዳል። ስለዚህ በሮኬት ሙከራ ውስጥ ደንብ ከትምህርቱ ውጭ የሚቀመጥ ማስጠንቀቂያ አይደለም፤ የትምህርቱ ግማሽ አካል ነው።

በዓለም ላይ ተማሪዎች የሚጠቀሙበት በፋብሪካ የተሠራ ትንሽ ሞተር የወፍራም ካርቶን ቀፎ፣ በውስጡ በማሽን ተጠቅጥቆ የጠነከረ ባሩድ፣ ከታች ደግሞ ከሸክላ የተበጀ ጠባብ መውጫ አለው። በላዩ የታተመው ምልክት ኃይሉን ይናገራል። "ሲ 6-5" የተባለውን እንውሰድ። ፊደሉ ጠቅላላ ጉልበቱን ያመለክታል፤ ከ"ኤ" ወደ "ቢ"፣ ከ"ቢ" ወደ "ሲ" በወጣን ቁጥር ጣሪያው እጥፍ እየሆነ ይሄዳል። የ"ሲ" ጣሪያ 10 ኒውተን-ሰከንድ ነው። 6 ቁጥር አማካይ ገፊ ኃይሉን በኒውተን ይሰጣል፤ ይህም 600 ግራም ያህል ክብደት የመሸከም ጉልበት ነው። የመጨረሻው 5 ደግሞ ነዳጁ ካለቀ በኋላ ጃንጥላውን የሚያስወጣው ሁለተኛ ባሩድ እስኪተኮስ የሚቆየውን ሰከንድ ያሳያል። ይህ ሁሉ የሚሆነው 12 ግራም ገደማ በሚመዝን ነዳጅ ነው። ቁጥሩ ትንሽ መሆኑ ሊያዘናጋ አይገባም። የተጠቀጠቀው ባሩድ ሳይሰነጠቅ ከታች ወደ ላይ በተራ ሲነድድ ጋዙ በልክ ይወጣል፤ ስንጥቅ ካለበት ግን እሳቱ በስንጥቁ ገብቶ ብዙውን በአንድ ጊዜ ያነድደዋል፣ ጋዙም መውጫው ከሚያሳልፈው በላይ ይሆናል። ስንጥቁ ደግሞ ከውጭ አይታይም። ሞተሩ ሲወድቅ ወይም ሙቀትና ቅዝቃዜ ሲፈራረቅበት ይፈጠራል። በሀብሩ ቆላማ ቀበሌዎች ፀሐይ ላይ በቆመ መኪና ውስጥ፣ ወይም ቀን በሚግል ሌሊት በሚበርድ ቆርቆሮ ቤት የተቀመጠ ሞተር ከፋብሪካ እንደወጣው ሞተር ሊታመን አይችልም።

"ይፈነዳል" ከሚለው ግምት የሚወለደው የመጀመሪያው ደንብ ርቀት ነው። የኦስትሪያው ተወላጅ ማክስ ቫሊየር በዘመኑ በሮኬት ሥራ ከታወቁት ሰዎች አንዱ ነበር። እ.ኤ.አ. ግንቦት 17 ቀን 1930 በርሊን ውስጥ በፈሳሽ ነዳጅ የሚሠራ ሞተር መሬት ላይ ሲሞክር ሞተሩ ፈነዳና ገደለው። የገደለው የእውቀት ማነስ አልነበረም፤ ከሞተሩ አጠገብ መቆሙ ነው። ከ77 ዓመት በኋላ፣ እ.ኤ.አ. ሐምሌ 26 ቀን 2007 በካሊፎርኒያ ሞሃቬ በረሃ የአንድ ታዋቂ ኩባንያ ባለሙያዎች ለሮኬት ሞተር የሚሆን የናይትረስ ኦክሳይድ ፍሰት ሲሞክሩ ሦስት ሰዎች ሞቱ፣ ሦስት ቆሰሉ። የዚያን ቀን ምንም ነገር አልተለኮሰም፤ እሳት የሌለበት የፍሰት ሙከራ ብቻ ነበር። ከሁለቱ አደጋዎች የምንወስደው ትምህርት አንድ ነው፤ "ይህኛው ቀላል ሙከራ ነው" የሚባል ሙከራ የለም። የአሜሪካ የሞዴል ሮኬት ሠሪዎች ማኅበር ለትንንሽ ሞተሮች ቢያንስ 5 ሜትር፣ ለበለጡት 9 ሜትር ርቀት ያዛል። ይህ ልክ ግን ለተመሰከረላቸው የፋብሪካ ሞተሮች የወጣ ነው። በመሬት ላይ ሙከራ፣ ሞተሩ ታስሮ በሚቆይበት ቦታ፣ ርቀቱን ብዙ እጥፍ አድርጎ በአሸዋ ከተሞሉ ጆንያዎች ጀርባ መቆም ብልህነት ነው። ጆንያው ከሰው ቁመት ካነሰ ሰው መቀመጥ አለበት። ሁሉም የዓይን መከላከያ ያድርግ፤ አጠገብ የሚቀር አንድም ሰው አይኑር። ሚዛኑን የሚያነብ ሰውም አያስፈልግም፤ በመደገፊያ የቆመ ስልክ ቪዲዮ ይቀዳል፣ ቁጥሩ በኋላ በእርጋታ ይነበባል።

ሁለተኛው ደንብ ስለ መለኮስና ስለ መጠበቅ ነው። በክብሪት ወይም በሚነድድ ክር መለኮስ ሰውን ከሞተሩ አጠገብ ስለሚያቆመው ፈጽሞ የተከለከለ ነው። ሞተር የሚለኮሰው ከሩቅ፣ በሽቦና በባትሪ፣ እጅ ሲነሣለት ራሱን በሚያጠፋ ማብሪያ ብቻ ነው። ማብሪያው ቁልፍ ይኑረው፤ ቁልፉም ሽቦውን ከሞተሩ ጋር በሚያገናኘው ሰው ኪስ ውስጥ ይሁን። ያ ሰው ተመልሶ ከጆንያው ጀርባ እስኪደርስ ድረስ ማንም መለኮስ እንዳይችል ነው። ይህ ከልክ ያለፈ ጥንቃቄ የሚመስለው ካለ ብራዚልን ያስብ። እ.ኤ.አ. ነሐሴ 22 ቀን 2003 በአልካንታራ ጣቢያ፣ ለመተኮስ ቀናት በቀሩት ሮኬት ላይ አንዱ ሞተር ሳይታሰብ ተቀጣጥሎ በሥራ ላይ የነበሩ 21 ባለሙያዎችን ገድሏል። ማብሪያው ተጭኖ ሞተሩ ዝም ሲልም ፈተናው አላበቃም። ቁልፉ ይነቀላል፣ ቢያንስ አንድ ሙሉ ደቂቃ ይጠበቃል፣ ከዚያ በኋላ አንድ ሰው ብቻ ይጠጋል። ነድዶ ያበቃ የሚመስል ሞተርም ያታልላል። የጃንጥላ ማስወጫው ባሩድ ከሰከንዶች በኋላ በሌላኛው ጫፍ ስለሚተኮስ፣ ጭሱ ጠፋ ብሎ የሮጠ ልጅ ፊቱን ይዞለት ይሄዳል። የሞተሩ መውጫ ወደ ላይ እንዲያይ ሆኖ ቢታሰር መልካም ነው፤ ማሰሪያው ቢፈታ እንኳ ሞተሩ ራሱን ወደ መሬት ይጫናል እንጂ አይበርም። ሆኖም ከበታቹ ለሁለተኛው ተኩስ ባዶ ቦታ መተው አለበት። በሌላ ሥራ የቸኮለ አፍሶ ይለቅማል፤ በዚህ ሥራ ግን የፈሰሰው አይለቀምም።

ሦስተኛው ደንብ የቦታና የወቅት ነው። በሀብሩ በጋው ሲገባ ማሽላው ታጭዶ አገዳው በየማሳው ይቆለላል፣ ገለባ በየአውድማው ይከመራል፣ ሣሩም ይደርቃል። ከሞተር የሚወጣ አንድ ፍም የአንድን ቤተሰብ የዓመት ቀለብና የከብት መኖ ሊወስድ ይችላል። ስለዚህ ሙከራው በአውድማና በማሳ አቅራቢያ፣ በሣር ክዳን ቤት አጠገብ ወይም በትምህርት ቤት ግቢ መካከል አይደረግም። የተሻለው ቦታ ሣር የሌለበት ሰፊ የአሸዋ ሜዳ፣ ለምሳሌ ደረቅ የወንዝ ዳር ነው፤ ይኸውም እረኛና ውኃ ቀጂ በማያልፍበት ሰዓት፣ ነፋስ ሳይነሣ በጠዋት። መንገዱን የሚጠብቁ ሁለት ሰዎች በግራና በቀኝ ይቁሙ። ከእነሱ አንዱ "ሰው መጣ" ካለ ቆጠራው ይቆማል፤ ይህን ለመሻር መምህሩም ሥልጣን የለውም። ውኃ የሞላ ባልዲና የአፈር ክምር ከሙከራው በፊት ይዘጋጅ። ቃጠሎ ቢደርስ የተቃጠለው አካል በንጹሕ ወራጅ ውኃ ለ20 ደቂቃ ያህል ይቀዝቅዝ፤ ቅቤ፣ የጥርስ ሳሙና ወይም ማር አይቀባ። ወደ ጤና ተቋም የሚያደርስ መኪና ከየት እንደሚገኝም አስቀድሞ ይታወቅ። እነዚህን ደንቦች "የሀብታም አገር ቅንጦት" የሚላቸው አይጠፋም። ዋጋቸውን እንቁጠር። ርቀት ነፃ ነው። አንድ ደቂቃ መጠበቅ ነፃ ነው። አሸዋው ከወንዝ፣ ጆንያው ከቤት ይገኛል። ብዙዎቹ ደንቦች ገንዘብ ሳይሆን ትዕግሥት ይጠይቃሉ። ትዕግሥት ደግሞ ለደሃ ትምህርት ቤት የተከለከለ አይደለም።

ከሁሉም የሚበልጠው ደንብ ግን ነዳጅ በቤት አለመቀመም ነው። እዚህ ላይ ብርቱ ተቃውሞ ይነሣል። የሮኬት ፈር ቀዳጆች እኮ ራሳቸው እየቀመሙ፣ እየሳቱ ነው የተማሩት ይባላል። በከፊል እውነት ነው። እ.ኤ.አ. ጥቅምት 31 ቀን 1936 ፍራንክ ማሊናና ጓደኞቹ በካሊፎርኒያ አሮዮ ሴኮ በተባለ ደረቅ ሸለቆ የመጀመሪያ ሞተራቸውን ሞከሩ። የኦክስጅን ቱቦው በእሳት ተያይዞ ሲወራጭ ሮጠው አመለጡ። በኋላም ከዚያ ቡድን ዛሬ ወደ ማርስ መንኮራኩር የሚልከው የጄት ፕሮፐልሽን ላቦራቶሪ ተወለደ። ሆኖም ታሪኩን እስከ መጨረሻው ማንበብ ያስፈልጋል። ያመለጡት በአሸዋ ከረጢት ተከልለውና ከከተማ ርቀው ስለነበር ነው። ማሊና ይማርበት በነበረው ዩኒቨርሲቲ ሕንጻ ውስጥ ያደረጉት ሙከራ ሲበላሽባቸውም ወደ ውጭ እንዲወጡ ተደርገዋል። ከመካከላቸው የነዳጅ ቅመማ ሊቅ የነበረው ጃክ ፓርሰንስ እ.ኤ.አ. በ1952 በገዛ ቤቱ በደረሰ ፍንዳታ ሞቷል። ያን ሥራ ከብዙዎች በላይ የሚያውቅ ሰው በቤቱ ከሞተ፣ ከኢንተርኔት ቅምር ያገኘ የ10ኛ ክፍል ተማሪ በምን ይተማመናል? የፈር ቀዳጆቹ ታሪክ ቅመማን የሚያበረታታ ማስረጃ ሳይሆን፣ እነሱ በሕይወታቸው የከፈሉትን እኛ ደግመን እንዳንከፍል የተጻፈ ሂሳብ ነው።

ሌላው ተቃውሞ ከወላጅና ከባለሥልጣን ይመጣል። ይህን ያህል አደጋ ካለው ለምን ጨርሶ አይከለከልም? ለዚህ መልስ የሚሆን ታሪክ አለ። እ.ኤ.አ. ጥቅምት 4 ቀን 1957 ሶቪየት ኅብረት ስፑትኒክን ስታመጥቅ የአሜሪካ ወጣቶች በየጓዳው ሮኬት መሥራት ጀመሩ፤ ብዙዎችም ተጎዱ። ያን ጊዜ ማገድ ቀላሉ መንገድ ነበር። ነገር ግን የሮኬት መሐንዲሱ ሃሪ ስታይንና በኔብራስካ ጫማ ሻጭ የነበረው ኦርቪል ካርላይል ሌላ መንገድ ይዘው ነበር። ካርላይል ከወንድሙ ጋር ሆኖ እ.ኤ.አ. በ1954 የሠራውን፣ ተዘጋጅቶ የሚገኝና ተማሪው የማይነካካው ሞተር የሚገጠምለት የወረቀት ሮኬት ለስታይን አሳየው። ሁለቱም ሞዴሉን ከደኅንነት ደንብ ጋር አስተዋወቁ። እ.ኤ.አ. በ1959 ቨርን ኤስትስ ሞተሮቹን የሚያመርት ማሽን ሠራ። አደገኛው ሥራ ከልጆች እጅ ወጥቶ ወደ ፋብሪካ ገባ፤ ትምህርቱ ግን ለልጆቹ ቀረ። ክልከላ ጉጉትን አይገድልም፤ ወደ ጓሮና ወደ ጓዳ ያስገባዋል እንጂ። ጓዳ ውስጥ ደግሞ ርቀት የለም፣ ጆንያ የለም፣ "ቁም" የሚል ሰው የለም።

ከሁሉም የሚከብደው ተቃውሞ ግን የእኛው አካባቢ ሁኔታ ነው፤ ይህን ማድበስበስ አይገባም። ወልድያና አካባቢዋ ከነሐሴ 2013 እስከ ታኅሣሥ 2014 ዓ.ም. በጦርነት ውስጥ አልፈዋል። ከ2015 ዓ.ም. ክረምት ወዲህም የአማራ ክልል በትጥቅ ግጭት ውስጥ ነው። በእንዲህ ያለ ቦታ ድንገተኛ ፍንዳታ ሽማግሌ ያስደነግጣል፣ እናትን ከልጇ ጋር ያስሮጣል፣ የታጠቀ ሰው ምላጭ እንዲስብም ሊያደርግ ይችላል። ጦርነቱ በተካሄደባቸው የአማራ፣ የአፋርና የትግራይ ቦታዎች ያልፈነዱ ተተኳሾች ሕፃናትን ገድለዋል፣ አካል አጉድለዋል። ስለ ሮኬት ያነበበ ልጅ ሜዳ ላይ ያገኘውን ብረት "ሞተር ይሆን?" ብሎ ቢያነሣ ከጉጉቱ የተረፈው ሐዘን ብቻ ይሆናል። ለእንዲህ ያለው ብረት ደንቡ አጭር ነው፤ አትንካ፣ አትወርውር፣ አትፍታ፣ በመጣህበት ተመለስ፣ ለአዋቂና ለሚመለከተው አካል ተናገር። በዚህ ምክንያት ተቃውሞው ትክክል ነው ብዬ እቀበላለሁ። በባሩድ የሚሠራ ሞተር፣ የፋብሪካም ቢሆን፣ ዛሬ በወልድያ፣ በመርሳና በሀብሩ ያለ ፈቃድና ያለ ባለሙያ መሞከር የለበትም። ከውጭ የሚመጣ ዘመድ በሻንጣው እንዲያመጣ መጠየቅም ስሕተት ነው፤ እንዲህ ያለው ሞተር በፈንጂ ምድብ ውስጥ ስለሆነ በመንገደኛ ሻንጣ መያዝ ክልክል ነው።

ታዲያ ትምህርቱ ይቁም ማለት ነው? አይደለም፤ ያለ እሳትና ያለ ባሩድ የሚሠራ ሮኬት አለ። የለስላሳ ፕላስቲክ ጠርሙስ ሲሶው ውኃ ይሞላል፣ በብስክሌት መንፊያ አየር ይነፋበታል፣ ውኃው በአፉ ሲወረወር ጠርሙሱ ወደ ላይ ይገፋል። የሚሠራበት ሕግ የትልቁ ሮኬት ሕግ ነው፤ የመሬት ላይ ሙከራውም እንዲሁ። "ይፈነዳል" የሚለው ግምት እዚህም ይሠራል፤ የታመቀ አየርም ቀፎ ይሰብራልና። ሒሳቡን እንመልከት። ጠርሙሱ ውስጥ 4 ባር፣ በመንፊያው መለኪያ ወደ 60 ፒ.ኤስ.አይ. ግፊት ቢኖርና ውኃው በሙሉው የጠርሙስ አፍ ቢወጣ፣ ለቅጽበት የሚገኘው ገፊ ኃይል በስሌት ወደ 300 ኒውተን ይደርሳል። ይህ 30 ኪሎ የሚጠጋ ክብደት ነው፤ ከ"ሲ" ሞተር አማካይ ጉልበት ብዙ አሥር እጥፍ ይበልጣል። መውጫው 5 ሚሊ ሜትር ብቻ ከሆነ ግን ኃይሉ ወደ 1.5 ኪሎ ይወርዳል፣ ጊዜው ይረዝማል፣ ለመለካትም ይመቻል። ጠርሙሱን አፉን ወደ ታች አድርጎ፣ ከመሬት ጋር በስፕሪንግ ሚዛን አስሮ ከሩቅ መልቀቅና ሚዛኑን በቪዲዮ መቅዳት ነው። የፊዚክስ መምህር ከዚህ የተሻለ የኒውተን ሦስተኛ ሕግ ማሳያ በቀላሉ አያገኝም።

ጠርሙሱም አስቀድሞ ይፈተናል። እስከ አፉ ውኃ ብቻ ተሞልቶ፣ ሊሠራበት ከታሰበው አንድ ተኩል እጥፍ፣ ማለትም እስከ 6 ባር ይነፋል። ውኃ እንደ አየር ስለማይታመቅ በውስጡ የሚከማቸው ጉልበት ትንሽ ነው፤ ጠርሙሱ ቢሰነጠቅ ይረጫል እንጂ እንደ ቦንብ አይበተንም። ትልልቅ የግፊት ጋኖች የሚመረመሩትም በዚሁ ዘዴ ነው። የተጫረ፣ ፀሐይ የመታው ወይም ብዙ ጊዜ የተነፋ ጠርሙስ ይጣላል። የተነፋ ጠርሙስ በእጅ አይነካም፤ ማስተንፈሻው ከሩቅ በገመድ ይሳባል። የዓይን መከላከያው፣ ርቀቱ፣ ቆጠራው፣ መንገድ ጠባቂው፣ መዝገቡ ሁሉ እንደ ባሩዱ ሞተር ይጠበቃል። በዚህ ልማድ ያደገ ተማሪ ነገ በወልድያ ዩኒቨርሲቲም ሆነ በሌላ ቦታ በፈቃድና በባለሙያ ፊት እውነተኛ ሞተር ሲያስር እጁ ምን ማድረግ እንዳለበት ያውቃል።

ስለዚህ መምህራን፣ ጉጉቱን አትገፉት፤ ለሚመለከተው አካልና ለሠፈሩ ሰው አሳውቃችሁ፣ በውኃ ጠርሙስ ጀምሩት፣ ከመጀመሪያው ቀንም በደንብ አስተምሩት። ወላጆች፣ ልጃችሁ ስለ ሮኬት ሲጠይቅ አትቆጡ፤ ቤት ውስጥ ዱቄት ሲቀላቅል ካያችሁት ግን ያን ዕለቱን አስቁሙት፣ ለመምህሩም ንገሩ። ተማሪዎች ሆይ፣ አንድን ሙከራ የተሳካ የሚያሰኘው የጠርሙሱ ከፍታ ወይም የጭሱ ውበት አይደለም። ቁጥሩ በደብተር ላይ ሰፍሮ፣ የመጣው ሰው ሁሉ በሙሉ ዓይኑና በሙሉ ጣቱ ወደ ቤቱ ከተመለሰ ሙከራው ተሳክቷል።